የምስጋናው ደርብ

አገሩን አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ «አናውቀውም» ትላላችሁ፤ ልማዱን ብነግራችሁ ግን ዝም ትላላችሁ። ስለዚህ ልማዱን ልንገራችሁ።

በዚያ አገር ሹም በአፍ አይጠራም ነበር። «ጌታዬ፣ ቤቴ ተቃጠለ» ብሎ ሹም ደጅ የሚጮህ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደሚያፏጭ ሰው ይታይ ነበር። ችግር የገጠመው ሰው ወደ ሰሌዳው ይሄዳል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ቤቱ ተመልሶ ይጠብቃል። ሰሌዳው በጌታው ግቢ ግንብ ላይ የተገጠመ ሰፊ የወይራ እንጨት ነው። አርባ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ መዳፍ ያክላል፣ በእያንዳንዱም ላይ ሥዕል ተቀርጿል። ቅጠል አለ፣ ጅብ አለ፣ እንሥራ፣ ሚዛን፣ ፀሐይ፣ ቡጢ አለ። ቁልፉን ሲጫኑት ከኋላው ያለው ገመድ ይሳባል፤ ገመዱ በግንቡ ሥር ሾልኮ አንድ ሹም ቤት ውስጥ የተሰቀለ ቃጭል ያስጮኻል። ቃጭሉ የጮኸለት ሹም ተነሥቶ ይመጣል። ያልጮኸለት አይመጣም፤ ቢመጣም ያለ ጥሪ ደጅ ወጥቷል ተብሎ ይሻራል።

እስከዚህ ድረስ ያን ያህል ክፉ ልማድ አይደለም። ነገሩ የተበላሸው በሥዕሎቹ ነው። ሥዕሎቹን የቀረጹት የጥንት አባቶች ናቸው ስለሚባል አንዳቸውን ለመፋቅ የደፈረ ጌታ አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ጌታ ተብሎ ምንም ሳይለውጡ መቀመጥ ያሳፍራል። ስለዚህ አዲስ ጌታ በመጣ ቁጥር ሥዕሉ እንዳለ ይቀመጥና ከበስተኋላው የገመዱ እስር ይለወጣል። በጥንት ጊዜ ቅጠሉን የተጫነ ሰው ባለመድኃኒቱን ይጠራ ነበር። የአንዱ ጌታ አማች የሌባ አዳኝ ሹም ሆነና ቅጠሉን ወደደው፤ ቅጠሉ ለአማችየው ተሰጠ፣ ባለመድኃኒቱ ወደ ጅቡ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሆዱን የቆረጠው ሰው ጅብ ይጫናል። ሰዉም ለመደው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። እናቶች ልጆቻቸውን «እሳት ለድንበር፣ እንሥራ ለእሳት፣ ጅብ ለበሽታ» እያሉ ያስጠናሉ፤ አዲስ ጌታ ሲመጣ ያስረሱና እንደገና ያስጠናሉ።

ሹማምንቱ ሲበዙ ደግሞ አርባ ሁለት ቁልፍ አልበቃ አለ። ቁልፍ መጨመር የአባቶችን ሰሌዳ መድፈር ነው። ያኔ አንድ ብልጥ ሰው ደርብ የሚባለውን ነገር አመጣ። ከግንቡ ጀርባ ባለው ገመድ ቤት ውስጥ አርባ ሁለት ሜንጦ የተመታበት ጣውላ አለ፤ የቁልፎቹ ገመዶች ከሹማምንቱ ቃጭሎች ጋር የሚተሳሰሩት በዚያ ላይ ነው። ሰውዬው ከዚህ ጣውላ ኋላ ሁለተኛ ጣውላ ተከለ። ቡጢውንና ጨረቃውን አንድ ላይ የተጫኑ እንደሆነ የፊተኛው ጣውላ ይንሸራተትና ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል፤ ያው ጅብ፣ ያው ቅጠል፣ አሁን ሌላ ሹም ይጠራል። ቡጢውን ብቻውን መልሰው ሲጫኑት የፊተኛው ይመለሳል። ቀጥሎ የመጣው ጌታ ሦስተኛ ደርብ ጨመረ። የድንበር ክርክር ያለበት ሰው ሦስት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መጫን ስላለበት፣ አንደኛውን እንዲጫንለት ድንበር የገፋበትን ጎረቤቱን ለምኖ ይዞት ይመጣ ነበር።

እነዚህን ገመዶች የሚያስረው ሰው አብተው ይባላል። ሲጀምር ወጣት ነበር፤ ታሪኩ ሲጀመር በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። አምስት ጌቶችን አሳልፏል። ለአምስቱም ፈትቷል፣ ለአምስቱም አስሯል። ጣቶቹ ቋጠሮ ከመቋጠር ብዛት ወደ ውስጥ ተጣጥፈው ቀርተው፣ ሰው ሰላም ሲል እንኳ ገመድ የያዘ ይመስል ነበር። ደክሞት ነበር። እንዲህ ያለ ድካም ተኝተው የሚነሡት አይደለም፤ ነገ የሚፈታውን ዛሬ አጥብቆ የሚያስር ሰው ድካም ነው።

ባለ ገመድ ሁለት መሐላ አለበት። አንደኛው፣ የጌታው ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ሳይደርሰው ገመድም ጣውላም አይነካም። ሁለተኛው፣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቃጭል እንደታሰረ ከገመድ ቤቱ ውጭ አይናገርም፤ ለሕዝቡ የሚነገረው በአዋጅ ነው። ከአብተው በፊት የነበረው ባለ ገመድ፣ ሥራውንም ያስተማረው አለቃ ወልደየስ፣ አንድ ቀን አዝኖ አንዲት ገመድ ያለ ማኅተም አዛወረ። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ቆረጧቸው። አለቃው እስኪሞት ድረስ፣ ጠላ ሲጠጣ ዋንጫውን በሁለት መዳፉ አቅፎ አብተው ያየው ነበር።

ሚስቱ ይመኙሻል በዚህ መሐላ ታሾፍበት ነበር።

«ሠላሳ ሰባት ዓመት አብሬህ ስኖር የሥራህን ግማሽ አላውቀውም» ትለዋለች። «ሌላ ሴት ብታስቀምጥ እንኳ ይሄን ያህል አትደብቀኝም ነበር።»

«ገመድ ነው አንቺ። ገመድ ምን ይወራለታል?»

«ተኝተህ እኮ ጣትህ ይቋጥራል። አንድ ቀን ሹሩባዬን ከአልጋው ጋር አስረኸው አግኝቼዋለሁ።»

ይመኙሻል ደረቷ ደካማ ነበር። ክረምት ሲገባ ትንፋሿ እያጠረ ይሄዳል። ባለመድኃኒቱ ደባሱ መጥቶ የሚያጥናት ቅመም አለው፤ ያንን ስትታጠን ይለቃታል። በየክረምቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ጎረቤታቸው ገላነሽ ወደ ሰሌዳው ሮጣ ጅቡን ትጫናለች፣ ደባሱ ከረጢቱን ይዞ ይመጣል። ልጅ አልወለዱም። አብተው በዚህ ዓለም ላይ ከዚህች ሴት ትንፋሽ በቀር የሚሳሳለት ነገር አልነበረውም።

ያን ዓመት ክረምት ሲገባ የወቅቱ ጌታ የተሾመበትን አሥረኛ ዓመት ሊያከብር ሆነ። ጌታው ሰሌዳውን የሚያስተዳድርለት ሊቀ ሰሌዳ ዘውገ የሚባል ሹም ነበረው። ዘውገ በሕይወቱ አንድ ቋጠሮ ቋጥሮ አያውቅም፤ ብራና ላይ ግን የቁልፎቹን አሠራር በሦስት ዓይነት ቀለም አሳምሮ ይሥላል። ለበዓሉ ምን ስጦታ ይቅረብ ተብሎ ሲመከር ዘውገ አራተኛ ደርብ አሰበ። ቡጢውና ፀሐዩ አንድ ላይ ሲጫኑ የምስጋናው ደርብ ይመጣል። በዚህ ደርብ ሁሉም ቁልፎች፣ አንድም ሳይቀር፣ በጌታው አዳራሽ ከሚሰቀለው ከታላቁ የምስጋና ቃጭል ጋር ይታሰራሉ። በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ ተሰልፎ፣ ደስ ያለውን ሥዕል እየተጫነ ጌታውን ያመሰግናል።

አብተው ብራናውን ተቀብሎ ገመድ ቤት ገባ። አራተኛውን ጣውላ ተከለ፣ ማሰር ጀመረ። አርባ አንዱን አስሮ ቡጢው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ብራናውን እንደገና አየው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዘውገ ሄደ። የገመድ ቤት ሰው ለሥራው ጉዳይ ከሊቀ ሰሌዳው ጋር ብቻ በአፍ እንዲነጋገር ይፈቀድለታል።

«ጌታዬ፣ ቡጢውም ምስጋና ላይ ይታሰር ይላል።»

«አንድም ሳይቀር ነው የተባለው።»

«ቡጢው እኮ ጌታዬ፣ ከደርብ መውጫው እሱ ነው። እሱንም ምስጋና ላይ ካሰርኩት ወደዚህ ደርብ የገባ ሰው መውጫ የለውም። ጣውላው እዚያው ይቀራል።»

ዘውገ ብዕሩን አስቀምጦ አየው። ቂል የሚያይ ሰው አስተያየት ነበር።

«አንተ አብተው፣ ከምስጋና መውጣት የሚፈልግ ማን ነው?»

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ሆኖም አብተው አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከረ። «እንግዲያው ስህተት ቢገኝ እንዴት ይታወቃል?» አለ። ሰሌዳው ላይ ስህተት ሲኖር የሚጫኑት ቁልፍ የሸረሪት ሥዕል ያለበት ነው፤ የሱ ቃጭል እዚያው ዘውገ ራስ በላይ ተሰቅሏል፤ ቃጭሉ ሲጮህ ነው ማኅተም ያለበት የማረሚያ ትእዛዝ ለገመድ ቤት የሚጻፈው። ሸረሪቱም ግን ከአርባ ሁለቱ አንዱ ነበርና እሱም ምስጋና ላይ ይታሰር ተብሏል።

«ስህተት ካለ ቃጭሉ ይጮሃል» አለው ዘውገ፣ ወደ ቀለሞቹ ተመልሶ። «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

አብተው ሄዶ ሥራውን ሠራ። ይሄን ስነግራችሁ ልታዝኑበት ትችላላችሁ፤ ኋላ እሱም በራሱ አዝኗል። ቋጠሮው ግን ጥሩ ቋጠሮ ነበር፤ በሠላሳ ሰባት ዓመት መጥፎ ቋጠሮ አስሮ አያውቅም።

የበዓሉ ዕለት ጌታው ራሱ ወጥቶ ቡጢውንና ፀሐዩን ተጫነ። ከግንቡ ጀርባ አራተኛው ጣውላ ተንሸራቶ ቦታውን ያዘ። ሕዝቡ ተሰልፎ ሲጫን ዋለ። ታላቁ ቃጭል ከአዳራሹ ውስጥ ሲያስገመግም ውጭ ባይሰማም፣ ጌታው እየሰማ ዕንባው እስኪመጣ ተደስቷል አሉ።

በማግስቱ የሰው ኑሮ ቀጠለ። ላም የጠፋበት ሄዶ ተጫነ። ቤቱ ያፈሰሰበት ተጫነ። ማንም አልመጣም። ሹማምንቱ ቃጭላቸው ዝም ስላለ በየቤታቸው ተቀምጠው «ዘንድሮ አገሩ ሰላም ሆነ» ይባባላሉ። በጌታው አዳራሽ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይቃጨላል። ጌታው በአሥር ዓመት ግዛቱ እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። ሰሌዳው ሥር የሚቀመጠው ዘበኛ የተጫነውን ሰው ስምና ለማን ቤት እንደተጫነ በየዕለቱ እየጻፈ ይልካል፤ ዘውገም «እከሌ ሁለት ጊዜ አመሰገነ፣ እከሊት ሰባት ጊዜ አመሰገነች» እያለ ያነብለታል። ብዙ መከራ የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚጫን በምስጋና አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር። ጎተራው የተቃጠለበት አንድ ገበሬ ሃያ ሁለት ጊዜ አመስግኖ ሜዳልያ ተላከለት። ገበሬው ሜዳልያውን እያገላበጠ ስለ ጎተራው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደከመ።

አብተው ገመድ ቤት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል። ቃጭል አይሰማም፤ ገመዶቹ ሲሳቡ ግን ያያል። አርባ ሁለት ገመድ አንዷን ወፍራም ገመድ ይጎትታል። በዘጠነኛው ቀን ወፍራሟ ገመድ መላላጥ ጀመረች፤ ማኅተም ያለበት ትእዛዝ መጣለት። ፈታ ባለ ልብ ከፈተው። በበሬ ቆዳ አጠንክረህ ግመዳት ይላል።

በአሥራ አንደኛው ቀን የይመኙሻል ትንፋሽ አጠረ። ገላነሽ ሮጣ ጅቡን ተጫነች። ደባሱ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ደግማ ሄደች፤ አልመጣም። አብተው ወደ ዘውገ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ሰሌዳው ተቆልፏል። ባለመድኃኒት የሚጠራ ቁልፍ የለም። እባክዎ ማኅተም ይስጡኝ፣ ጣውላዋን ልግፋት። አንዲት ግፊት ናት።»

ዘውገ ቀና ብሎ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ትንሽ ቃጭል አየ። ሸረሪት አድርቶበት ነበር።

«ይሄ ጮኸ?»

«አይጮህም እኮ ጌታዬ። ገመዱ ምስጋና ላይ ነው ያለው። እኔው ነኝ ያሰርኩት።»

«ካልጮኸ ስህተት የለም። ስህተት ከሌለ ምን ብዬ ነው የማረሚያ ማኅተም የምሰጥህ? ራስህ አስበው።»

«ሚስቴ ታማብኛለች ጌታዬ።»

«እግዜር ይማራት» አለ ዘውገ፣ ከልቡ ነበር። «ሂድና ባለመድኃኒቱን ጥራ። ጅቡን ተጫን።»

አብተው ከዚያ ወጥቶ ወደ ደባሱ ቤት ሄደ። ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው ሰው ነው። ደባሱ በረንዳው ላይ ቅጠል ይደቁሳል።

«አያ ደባሱ፣ ይመኙሻል...» አለና ቀረ።

ደባሱ ድቁሱን ትቶ ወደ ታች አየ። «በአፍ አትጥራኝ አብተው። በልጆቼ ይዤሃለሁ። ቃጭሌ ሳይጮህ ከዚህ ደረጃ ብወርድ ነገ ከረጢቴን ይነጥቁኛል። ከዚያ ማንን አክማለሁ?»

«ቅመሙን ስጠኝ እንግዲያ። እኔ አጥናታለሁ።»

«መጠኑን ካላወቁት ይገድላል። በየትንፋሹ ነው የሚለካው።» ደባሱ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ቃጭሌ ትጩህልኝ ብቻ። እየሮጥኩ እመጣለሁ። ጫማ አላደርግም፣ እንዲሁ እየሮጥኩ እመጣለሁ።»

አብተው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ይመኙሻል ትራስ ተደራርቦላት ተደግፋለች፤ በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል ትናገራለች። አጠገቧ ቁጭ አለ። ለሠላሳ ሰባት ዓመት ያልነገራትን ነገራት። ጅቡ የት እንደታሰረ፣ ቡጢው የት እንደታሰረ፣ ሸረሪቱ የት እንደታሰረ። ገላነሽ ዛሬ ሁለት ጊዜ ስትጫን ቃጭል የጮኸው በጌታው አዳራሽ መሆኑን።

ይመኙሻል ሰምታ ሰምታ ትንሽ ፈገግ አለች።

«እና ዛሬ ሁለት ጊዜ አመስግኛለሁ በለኛ» አለች።

«አዎ።»

«ምን ስላደረገልኝ?» አረፍ አለች። ከዚያ እጁን ይዛ የታጠፉትን ጣቶቹን አንድ በአንድ ልትዘረጋቸው ሞከረች፤ አልተዘረጉም። «ለእኔ ከምትነግረኝ አብቱ፣ ለሚጫኑት ብትነግራቸው ይሻል ነበር።»

በማግስቱ ማለዳ አብተው ገመድ ቤት ገባ። ወስኖ ነበር። ጣውላዋን ሊገፋት ነበር። በሩን ዘግቶ ፊቷ ቆመ፣ እጁንም አሳረፈባት። ለስላሳ ጣውላ ናት፤ ራሱ ነው ያለሰለሳት። አውራ ጣቶቹን አየ። አለቃ ወልደየስ ዋንጫውን አቅፎ ሲጠጣ ታየው።

እንዲህ ቆሞ ሳለ የጅቡ ገመድ ተሳበ። ሰው ሁሉ የራሱ አጫጫን አለው፤ አብተው ደግሞ በገመዱ አሳሳብ ማን እንደሆነ ይለያል። ገላነሽ አጭር አድርጋ ነው የምትጫነው፣ ሊጥ እንደምትነካ። ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ። ወፍራሟ ገመድ አብራ ተሳበች። ሁለተኛ ተሳበ። ሦስተኛ። እጁ ጣውላው ላይ ነበር። አራተኛው ላይ ገመዱ ረጅም ሆኖ ተሳበ፣ ገላነሽ በሙሉ ክብደቷ የተደገፈችበት ይመስል፣ ከዚያም ተለቀቀ።

አልገፋትም። ፈራ። ይሄው ነው፤ ሌላ ነገር አልቀባበትም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሳይታዘዝ ያልገፋ እጅ ነው። ብዙ ቆሞ ከቆየ በኋላ በሩን በርግዶ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ሲደርስ ገላነሽ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

ይመኙሻልን በዚያው ቀን ቀበሯት። ደባሱ ወደ ቀብሩ መጣ፤ ቀብር ቃጭል አይጠይቅም። መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ አብተውን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

በሦስተኛው ቀን ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሊቀ ሰሌዳው መልእክተኛ መጣ። ባለ ካባ ጎልማሳ ነው። «እግዜር ያጽናህ» ብሎ አብተው ፊት ቆመና የተጠቀለለ ብራና አውጥቶ አነበበ። ድምፁ ያማረ ነበር።

«ለባለ ገመድ አብተው ቤት። ከበዓሉ ወዲህ በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ጊዜ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ደግሞ አራት ጊዜ ያቀረባችሁት ምስጋና በጌታችን ዘንድ ተሰምቷል። በተለይ አራተኛው እጅግ ረጅምና ከልብ የመነጨ ስለነበር ጌታችን ተነክተዋል። ምስጋናችሁን ተቀብለናል።»

ብራናውን ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠው። አብተው ተቀበለው። ገላነሽ ከሴቶቹ በኩል ብድግ አለች።

«ጋሼ አብተው፣ ምን እያለ ነው? ያን ዕለት አራት ጊዜ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ጅብ ነው የተጫንኩት። ባለመድኃኒት ነው የጠራሁት።»

አብተው ቀና አለ። የመልእክተኛውን ካባ አየ፣ የገላነሽን ፊት አየ፣ የድንኳኑን ሰው አየ። ከዚያ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ የሚያደርግበት ጉልበት አልነበረውም። ከበዓሉ ወዲህ ጅቡ ምስጋና መሆኑን ነገራቸው። ቅጠሉም፣ እሳቱም፣ እንሥራውም። ሚዛኑም ምስጋና ነው። ሸረሪቱም። መውጫው ቡጢም ራሱ ምስጋና ነው። «ያሰርኩት እኔ ነኝ» አላቸው። «ልፈታው እጄን አሳርፌ ነበር፤ ፈራሁ። ገላነሽ አራት ጊዜ ስትጫን እያየሁ ቆሜ ነበር።»

መልእክተኛው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ወጣ። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ሰሞን የተጫነውን እያስታወሰ ነበር። በማዕዘኑ በኩል ሜዳልያ የተላከለት ገበሬ ተቀምጧል።

«ጎተራዬ ሲነድ...» አለ ገበሬው።

«አመሰገንክ» አለው አብተው።

«ሃያ ሁለት ጊዜ?»

«ሃያ ሁለት ጊዜ።»

ገበሬው እጁን አፉ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። አንዲት ሴት ከኋላ ማልቀስ ጀመረች፤ ለይመኙሻል ይሁን ለራሷ አልታወቀም። ከአብተው ጋር የተጣላ ግን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሲወጡ ትከሻውን ያዙትና «ቀደም ብለህ ብትነግረን» አሉት። እሱን ከስድብ ሁሉ የከበደው ይኼ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሰሌዳው የሄደ ሰው የለም። ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ ቀን አልሄደም። የታች ሰፈር አንዲት ሴት ምጥ ሲያስጨንቃት ባሏ ደባሱ ደጅ ሄዶ፣ ፊቱ እስኪቀላ አፍሮ፣ በአፉ ጠራው። ደባሱ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመና ወረደ። እንዳለው ጫማ አላደረገም። ከሱ በኋላ ሌላውም ሹም በአፍ ተጠራ፤ አንዳንዱ ወጣ፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋ። ማን በሩን እንደዘጋ ግን ያን ጊዜ ታወቀ።

በጌታው አዳራሽ ግን ቃጭሉ ዝም አለ። በመጀመሪያው ቀን ጌታው በዓል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አይደለም አሉት። በሁለተኛው ቀን ምግብ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ የግቢው ታላቅ በር ተከፈተና ጌታው ራሱ ወጣ። ከኋላው ዘውገ ብራናዎቹን አቅፎ ይከተላል። ገበያተኛው በዚያ እያለፈ ነበርና ቆመ። አብተውም ከመቃብር ሲመለስ ሰው መካከል ነበር።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ጌታው።

ገላነሽ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ በአፍ መጠየቅ ነውር ነው። ሰሌዳው ይኸውልዎት።»

ጌታው ወደ ሰሌዳው ዞረ። አርባ ሁለቱን ሥዕሎች አያቸው፤ የትኛው የምን እንደሆነ አለማወቁ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ሚዛኑን ተጫነ። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ከባዶው አዳራሽ ውስጥ ታላቁ ቃጭል ሲጮህ በዚያ አገር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጅ ተሰማ። ጌታው ደነገጠ። እሳቱን ተጫነ። ያው ቃጭል። እንሥራውን፣ ጅቡን፣ ሸረሪቱን፣ ኋላም ቡጢውን በሁለት እጁ ተጫነ። ያው ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር፤ የሳቀ አልነበረም።

ጌታው ላብ እያጠመቀው ወደ ዘውገ ዞረ። ዘውገ ብራናዎቹን እያገላበጠ አቀርቅሮ ቀረ። ከዚያ ጌታው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ይሄን ያሰረው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ አብተው። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ደስ አላለውም። ይመኙሻልን የሚያስነሣ ነገር እዚህ ደጅ ላይ አልነበረም። «በእርስዎ ማኅተም።»

«እንግዲያው ፍታው።»

አብተው የጌታውን ፊት ትክ ብሎ አየ። ሊያላግጥበት አልነበረም፤ ደንቡ ይሄ መሆኑን ነገረው እንጂ።

«የስህተቱ ቃጭል አልጮኸም ጌታዬ።»

ጌታው ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ሸረሪቱን እንደገና መጫን ጀመረ። ተጫነ፣ አዳመጠ፣ ተጫነ። ገላነሽ ዘንቢሏን አነሣች። ሰዉ ጥቂት ካየ በኋላ አንድ ባንድ ወደየጉዳዩ ሄደ። አብተውም ሄደ፤ ቃጭሉ ገበያው መጨረሻ ድረስ ይሰማው ነበር።